የኦቫሪ ዕጢ፣ የሆድና የደረት ውሃ፣ ከፍ ያለ ሲኤ-125፦ ሦስቱ ሲገናኙ ሁልጊዜ ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ሰባት ዓመት አልፎታል። ከሁለት ወር ወዲህ ሆዷ እየተነፋ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት መጣ። በአልትራሳውንድ በግራ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ 13 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠጣር ዕጢና ሆዷ ውስጥ ውሃ ታየ። የደረት ራጅ ደግሞ በቀኝ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ እንዳለ አሳየ። ሲኤ-125 የሚባለው የደም ምርመራ 412 ሆነ። ከደረቷ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ተቀድቶ ሲመረመር የካንሰር ሴል አልተገኘበትም፤ በአሥር ቀን ግን ተመልሶ ሞላ። ደረጃ አራት የኦቫሪ ካንሰር ነው፣ ኬሞ ይጀመር ተባልን። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ካንሰር የለም ማለት አይደለም? ዕጢው በመርፌ ተወግቶ ናሙና ቢወሰድስ?»

ምላሽ፦ እስካሁን በእጃችሁ ያለው ውጤት ካንሰርን ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም። ባረጠች ሴት ላይ ጠጣር የኦቫሪ ዕጢ፣ የሆድ ውሃና ከፍ ያለ ሲኤ-125 አንድ ላይ ሲገኙ ሐኪሙ አስቀድሞ ካንሰርን ማሰቡ ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን እነዚሁ ምልክቶች አንድም ሳይጎድሉ ፋይብሮማ ከሚባል፣ ካንሰር ካልሆነ የኦቫሪ ዕጢ ሊመጡ ይችላሉ። ይህ ሁኔታ ሜግስ ሲንድሮም ይባላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ውሃው ራሱ ይደርቃል፣ ታማሚዋም ትድናለች። ለዚህ በሽታ ኬሞ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ የዕጢው ማንነት በፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ) ሳይታወቅ ኬሞ መጀመር የለበትም።

በጥያቄው ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ደረጃ አራት» የተባለው ነው። በሳንባ ዙሪያ ውሃ መገኘቱ ብቻውን የኦቫሪ ካንሰርን ደረጃ አራት አያደርገውም። በዓለም አቀፉ የደረጃ አወጣጥ መሠረት የደረት ውሃ ደረጃ አራት የሚያሰኘው ውሃው ውስጥ የካንሰር ሴል ሲገኝ ነው። እናትዎ ላይ አልተገኘም። ሁለተኛው ስሕተት የእርስዎ ነው፦ በውሃው ውስጥ የካንሰር ሴል አለመታየቱ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። በካንሰር ምክንያት ከተጠራቀመ የደረት ውሃ አንድ ጊዜ ሲመረመር ሴሉ የሚገኘው ከአሥሩ በስድስቱ ገደማ ነው፤ የቀሩት አራቱ «ንጹሕ» ተብለው ያልፋሉ። ያገኛችሁት ውጤት የካንሰሩን ጥርጣሬ ቀነሰው እንጂ አላስወገደውም።

አሁን ወደ ዕጢው። ፋይብሮማ የሚበቅለው እንቁላል ከሚያመርቱት ሴሎች ሳይሆን ኦቫሪን ደግፎ ከያዘው ተያያዥ ሥጋ ነው። ከኦቫሪ ዕጢዎች ሁሉ 4 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በብዛት የሚታየውም በማረጥ ዕድሜ አካባቢና ከዚያ በኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ። ቀዶ ሐኪሙ ሲቆርጠው ጠንካራ፣ ነጭና ክሩ የተጠቀለለ የሚመስል ገጽ ያሳያል፤ ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው ለስላሳ፣ በእጅ የሚፈረፈር፣ ደም የቋጠረና በከፊል የሞተ ሥጋ ያለበት ነው። ትልልቅ ፋይብሮማዎች በተለይም 10 ሴንቲ ሜትር ያለፉት የሆድ ውሃ ያመጣሉ። ሆድና ደረት ሁለቱም ውሃ የሚይዙት ግን ከመቶ ፋይብሮማ በአንዱ ገደማ ነው። ሜግስ የተባለው አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1937 ሰባት እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ሰብስቦ ስላቀረበ ስሙ ለበሽታው ተሰጠ።

ውሃው ከየት ይመጣል? በጣም ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ፣ ትልቅ ጠንካራ ዕጢ በራሱ ውስጥ ያሉትን ደም መላሾችና የሊምፍ ቧንቧዎች ስለሚጫን ፈሳሹ በዕጢው ገጽ በኩል ወደ ሆድ ይንጠባጠባል የሚለው ነው። ከሆድ ወደ ደረት የሚሻገረው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ላይ ባሉ የሊምፍ መስመሮች ነው፤ እነዚህም በቀኝ በኩል ስለሚበዙ ነው ዕጢው በግራ ሆኖ ሳለ ውሃው ብዙ ጊዜ በቀኝ ደረት የሚገኘው። እናትዎ ላይ የታየው የግራ ዕጢና የቀኝ ውሃ በዚህ ረገድ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሥር ቀን ተመልሶ መሙላቱም ምንጩ አሁንም መኖሩን ያሳያል እንጂ ብቻውን የካንሰር ምልክት አይደለም። ደረትን ደጋግሞ መቅዳት ምንጩን አያደርቅም፤ ከሰውነት ፕሮቲን ያወጣል፣ በየጊዜውም ሳንባ የመበሳትና የኢንፌክሽን አደጋ አለው።

ሲኤ-125 ብዙ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የተለመደው ወሰን 35 ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመነጨው የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም፤ ሆድን፣ ሳንባንና ልብን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋንም ያመነጨዋል። ሽፋኑ በውሃ ሲለጠጥ ወይም ሲቆጣ ቁጥሩ ይጨምራል። የሆድ ቲቢ፣ የጉበት ጠባሳ፣ የልብ ድካም፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ መብቀሉ) ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። በሜግስ ሲንድሮም ከ1000 በላይ የደረሰባቸው ታማሚዎች አሉ። ስለዚህ ሆድና ደረቷ ውሃ የሞላ ሴት ላይ 412 የሚነግረን ሽፋኑ መቆጣቱን ነው፤ በምን ምክንያት እንደተቆጣ አይነግረንም።

ሐኪሞች ይህን ቁጥር ከሌሎች ምልክቶች ጋር የሚያዋህዱበት የአደጋ መለኪያ አለ። በአልትራሳውንድ ላይ ከአምስት ምልክቶች ሁለትና ከዚያ በላይ ከታዩ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ የእናትዎ ዕጢ ጠጣር ክፍል ስላለውና ሆዳቸው ውሃ ስላለበት ሁለቱን አሟልቷል። ስላረጡ ሌላ 3 ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ 412 ሲባዛ 3708 ይመጣል። ከ200 በላይ ለካንሰር ያሰጋል ይባላል። ውጤቱ እጅግ አስደንጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ውሃው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፦ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንዱ ነጥብ፣ ሁለተኛ ራሱ ከፍ ባደረገው ሲኤ-125። ይህ መለኪያ የተሠራው ታማሚዋ ወደ ካንሰር ቀዶ ሐኪም ትላክ ወይስ አትላክ የሚለውን ለመወሰን ነው። ለዚያ በጣም ጠቃሚ ነው፤ የበሽታውን ስም ለመስጠት ግን አይበቃም።

የበለጠ የሚነግረን ምስሉ ነው። በሆድ ላይ ብቻ የተደረገ አልትራሳውንድ ከሆነ በብልት በኩልም መደገም አለበት። ፋይብሮማ ዳር ዳሩ ለስላሳና የተከለለ፣ ወጥ የሆነ ጠቆር ያለ ዕጢ ሆኖ ይታያል፤ ድምፁን ስለሚውጠው ከኋላው እንደ ዝናብ መስመር የተሰነጣጠቀ ጥላ ይጥላል። የደም ፍሰትን በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ በዶፕለር ሲታይ የደም ዝውውሩ ጥቂት ነው። ካንሰር በአንጻሩ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ጠጣርና ፈሳሽ የተቀላቀለበት፣ ደም በብዛት የሚሮጥበት ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፦ በግንድ ተንጠልጥሎ ከማህፀን የወጣ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ) ልክ ፋይብሮማ ይመስላል። ለመለየት ሁለቱም ኦቫሪዎች ተፈልገው መገኘት አለባቸው፤ ከማህፀን ወደ ዕጢው የሚሻገር የደም ሥር ካለ ማዮማ ነው፤ መሣሪያው ቀስ ብሎ ሲገፋ ዕጢው ከማህፀኑ ተነጥሎ ከተንሸራተተ ከኦቫሪ ሊሆን ይችላል። በሪፖርቱ ላይ «ጠጣር ዕጢ» ብቻ ተጽፎ እነዚህ ካልተጠቀሱ ምርመራው ጎዶሎ ነው።

ለእናትዎ ሁኔታ ዋናው ምርመራ የዳሌ ኤምአርአይ ነው፣ በኮንትራስት (ምስሉን በሚያጎላ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ) እና ዲፊዩዥን በሚባለው ምስል ጭምር። ፋይብሮማ በውስጡ ክር መሰል ሥጋ ስለሚበዛ ቲ-2 በሚባለው ምስል ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በዲፊዩዥንም ጥቁር ይሆናል። ጠጣሩ ክፍል በሁለቱም ላይ ወጥ ጥቁር ከሆነ በተለመደው የኤምአርአይ አመዳደብ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። ከምርመራዎች ሁሉ በጣም ጥርት ያለ መልስ የሚሰጠው ይህ ነው። ገደብም አለው፦ የ13 ሴንቲ ሜትር ፋይብሮማ መሃሉ በውሃ ሊያብጥ ወይም ሊሟሟ ስለሚችል ከፊሉ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ኤምአርአዩ አያረጋግጥም፣ ፍርዱ ለፓቶሎጂ ይቀራል። ከኤምአርአዩ ጋር የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ይደረግ፤ ዓላማው ዕጢውን ማየት አይደለም፤ ሞራው መወፈሩን፣ በሆድ ሽፋኑ ላይ እባጭ መኖሩን፣ የሊምፍ ዕጢዎች ማበጣቸውን ለማየት ነው። እነዚህ ከተገኙ ነገሩ ሁሉ ወደ ካንሰር ያጋድላል፣ የሚቀጥለው መንገድም ይለወጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ የሚቀዳ ከሆነ ናሙናው በአግባቡ ይላክ። ለሴል ምርመራ ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ጥቂት ጠብታ ልኮ «ንጹሕ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከሆድ ውሃው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ይለካ፣ በዚያው ቀን ከደምም ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዴሲ ሊትር 1.1 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉበት ወይም ልብ መታየት አለበት። ቲቢን የሚጠቁመው ኤዲኤ የሚባለው ምርመራም አብሮ ይላክ፤ የሆድ ቲቢ ውሃና ከፍ ያለ ሲኤ-125 አብሮ ስለሚያመጣ ካንሰር ተብለው ሆዳቸው የተከፈተ ብዙ ሴቶች አሉ። እናትዎ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ጠጣር ዕጢ መኖሩ ቲቢን ዋና ተጠርጣሪ አያደርገውም፤ ቢሆንም ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ ወይም የቆየ ሳል ካለ መታለፍ የለበትም።

በመርፌ ናሙና ስለመውሰድ የጠየቁት፦ ኦቫሪው ላይ ያለው ዕጢ አይወጋ። በሽታው በአንድ ኦቫሪ ውስጥ የተወሰነ ካንሰር ቢሆን መርፌው ሽፋኑን ቀድዶ ሴሉን ወደ ሆድ ሊበትን ይችላል፤ አንድ ኤ የነበረው ደረጃ አንድ ሲ ይሆናል፤ ያለዚያ ይቀርላት የነበረ ኬሞም ያስፈልጋት ይሆናል። ከዚህም በላይ ከትልቅ ዕጢ የወጣች ቀጭን ናሙና ስለ ቀሪው አትመሰክርም። ከዚህ የሚለየው ሲቲው የተበተነ በሽታ ካሳየ ነው፦ ያን ጊዜ ከሞራው ወይም ከሆድ ሽፋኑ እባጭ ላይ በምስል እየታዩ ናሙና መውሰድ ትክክለኛው እርምጃ ነው፤ ኬሞን አስቀድሞ ቀዶ ሕክምናን ማስከተልም ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። መሠረታዊው ሕግ ግን አይለወጥም፦ መጀመሪያ ናሙና፣ ቀጥሎ መድኃኒት።

ከፋይብሮማ ሌላ በሐሳብ መያዝ ያለባቸው ዕጢዎች አሉ። ቴኮማ የፋይብሮማ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኤስትሮጅን ስለሚያመነጭ ካረጡ በኋላ ደም መፍሰስ ያመጣል፤ ስለዚህ እናትዎ ደም አይተው እንደሆነ ይጠየቁ፤ ካዩና የማህፀናቸው ውስጠኛ ሽፋን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ከዚያ ናሙና ይወሰድ። ብሬነር የሚባለው ዕጢም በምስል ፋይብሮማ ይመስላል፣ እሱም በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ስትሩማ ኦቫሪ ከታይሮይድ ሥጋ የተሠራ የኦቫሪ ዕጢ ሲሆን አንዳንዴ ውሃና ከፍ ያለ ሲኤ-125 ያስከትላል። ግራኑሎዛ ሴል ቱመር ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ነው፤ ኢንሂቢን ቢ የሚባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ማለቱ ይጠቁማል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከጨጓራ ወደ ኦቫሪ የተዛመተ ካንሰር ነው፤ ጠጣር ስለሚሆን በቀላሉ ፋይብሮማ መስሎ ያልፋል። ዕጢው በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ቶሎ የመጥገብ ስሜት ካለባቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጨጓራ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ያስፈልጋል። ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራም ይሠራ፤ ሲኤ-125 ለሲኢኤ ሲካፈል 25 እና ከዚያ በታች ከመጣ ምንጩ የምግብ ቧንቧው ሊሆን ስለሚችል ጨጓራና አንጀት ይታዩ።

ሲቲው የተበተነ በሽታ ካላሳየ ምርመራውም ሕክምናውም አንድ ነው፦ ዕጢውን ሳይቀደድ ማውጣት። ፋይብሮማን የሚያሟሟ ወይም የሚያሳንስ መድኃኒት የለም። ቀዶ ሕክምናውን የማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪም ቢሠራው ይመረጣል፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እዚያው በአንድ ጊዜ ሙሉውን ሥራ መጨረስ ይቻላል። ለ13 ሴንቲ ሜትር ጠጣር ዕጢ ሆድን በቁመት መክፈት የተሻለ ነው። በትናንሽ ቀዳዳ ይሠራ ከተባለም ዕጢው በከረጢት ውስጥ ሆኖ ይውጣ እንጂ ሆድ ውስጥ አይቆራረጥ። ካረጡ ሴቶች ሁለቱንም ኦቫሪና ቱቦዎቹን ማውጣት የተለመደ ነው፤ ወጣት ብትሆን አንዱን ብቻ ማውጣት ይበቃ ነበር።

ከማደንዘዣው በፊት የደረቱ ውሃ ትልቅ ከሆነ ይቀዳል፤ ያለዚያ ሳንባው ተጨቁኖ ኦክስጅን ሊወርድ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ አይቀዳ፤ ተጨቁኖ የቆየ ሳንባ በፍጥነት ሲከፈት ራሱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በመሃል ደረት የመጨምደድ ስሜት ወይም የማያቋርጥ ሳል ከመጣ ወዲያው ይቁም።

ዕጢው እንደወጣ ፍሮዝን ሴክሽን የሚባል ፈጣን ምርመራ ይደረጋል፤ ፓቶሎጂስቱ ቁራጩን አቀዝቅዞ ታማሚዋ ገና ተኝታ ሳለች መልስ ይሰጣል። ፋይብሮማ ከተባለ የሊምፍ ዕጢ መልቀም አያስፈልግም፤ የሆድ እጣቢ (ሆዱ የታጠበበትን ፈሳሽ) ለምርመራ ወስዶ፣ ሆዱን በሙሉ ዳስሶ፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ናሙና ወስዶ መዝጋት ይበቃል። ይህ ፈጣን መልስ ግን የመጨረሻው አይደለም፤ ከትልቅ ዕጢ አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ ስለሚታይ ሊስት ይችላል። ለዋናው ምርመራ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ቁራጭ ይወሰዳል፣ ማለትም ለእናትዎ ዕጢ 13 ያህል። ሪፖርቱ የሚከፋፈሉት ሴሎች ብዛትና የሴሎቹ መልክ መዛባት ምን ያህል እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ ፋይብሮማን እጅግ ብርቅ ከሆነው ካንሰር፣ ከፋይብሮሳርኮማ የሚለየው ይህ ነው። ሴል የበዛበት ፋይብሮማ ከተባለ፣ በተለይ ዕጢው ተቀድዶ ወይም ከሌላ አካል ተጣብቆ ከነበረ፣ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይረዝማል። ተራ ፋይብሮማ ሙሉ በሙሉ ከወጣ መመለሱ እምብዛም ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ኬሞውን አታስጀምሩ፤ ሕክምናውን ግን አትተዉት። በሚመጡት አንድ ሁለት ሳምንታት ኤምአርአዩና ሲቲው ይሠሩ፣ ፊልሞቹን ከነሪፖርቱ ይዛችሁ ወደ ማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪም ሂዱ፤ ሆዱ ውስጥ የተበተነ ነገር ከሌለ የቀዶ ሕክምና ቀን ይያዝ። ሜግስ ሊሆን ይችላል ብሎ ቤት መቀመጥ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ካንሰር ከሆነ ጊዜ ያስከፍላል። እስከዚያው ድረስ ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ዕጢው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሹ በድንገት ከባሰ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሜግስ ከሆነ የደረቱ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንስና በጥቂት ሳምንት ይጠፋል፤ በራጅ ይረጋገጥ። ሲኤ-125ን ከስድስት ሳምንት በፊት አትለኩ፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የሆድ ሽፋኑን ስለሚያስቆጣ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ብሎ በከንቱ ያስደነግጣል። ዕጢው ወጥቶ፣ ፓቶሎጂውም ፋይብሮማ ብሎ፣ ውሃው ግን ካልደረቀ ወይም ከተመለሰ ሜግስ የሚለው ስም አይጸናም፤ የስሙ ትርጉም ራሱ የውሃውን መጥፋት ይጠይቃልና። ያን ጊዜ የፓቶሎጂ ስላይዶቹ ለሌላ ፓቶሎጂስት ይታዩ፤ ደረቱ፣ ልቡና ጉበቱም እንደ አዲስ ይመርመሩ።